ፎርማት ይደረግ!

በአገራችን ለታመመ ኮምፒዩተር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም ፎርማት ይባላል። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣበት? ፎርማት። ፍላሽ ሲሰካበት አላነብ አለ? አሁንም ፎርማት። ራሴን አመመኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ አንገቱን ተቆርጦ ቢመለስ ጉድ ባልን ነበር። በኮምፒዩተር ሲሆን ግን አንገት ቆራጩን ሒሳቡን ከፍለን፣ «እጅህን ይባርከው» ብለን አመስግነን እንወጣለን።

ጠቤ ከቫይረስ ጋር አይደለም፤ እሱ ክፉ መሆኑን የማያውቅ የለም። ጠቤ ከቫይረስ እናድናችኋለን ከሚሉት ጋር ነው፤ ከባሕር ማዶው ኩባንያ ጀምሮ አስፋልት ዳር እስካለው ሱቅ ድረስ። ጥበቃ እንሸጣለን ይላሉ። እኔ ግን ሲሸጥ የማየው ፍርሃት ነው። የፍርሃቱንም ዋጋ በብር ከፍለን ብንገላገለው ምን ነበረበት! የምንከፍለው በጽሑፋችን፣ በፎቶግራፋችን፣ በሞቱ ሰዎቻችን ድምፅ ሆኗል።

ማጋነን የመሰለው አንባቢ ካለ ወደ እንፍራንዝ ልውሰደው። እንፍራንዝ አገሬ ናት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አስፋልት መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል፤ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ጣና ያያል። እዚያ አማርኛ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ይህ ሰው 11 ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድን በእግሩ እየዞረ ሙሾ፣ የሰርግ ዘፈንና እንጉርጉሮ ሲሰበስብ ኖሯል። በቴፕ ጀምሮ በስልክ ቀጠለ። ሌሊት ሌሊት እየሰማ በላፕቶፕ ይጽፋል፤ ያልገባውን ቃል ይዞ ተመልሶ አሮጊቷን ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ግማሹን የሠራ ተመራማሪ ባገኝ የማደርገውን አላውቅም ነበር። ሥራው ሁሉ የተቀመጠው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕና በአንድ ፍላሽ ላይ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የተማሪዎቹን ፈተና ሊያሳትም ፍላሹን ወሰደና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሰካው። ማታ ቤቱ ገብቶ ቢከፍተው ፎልደሮቹ የሉም። በየቦታቸው በስማቸው የተጠሩ፣ ትንሽ ቀስት የተለጠፈባቸው ሾርትከቶች ተገትረዋል። አንዷን ነካ አደረጋት። በዚያው ቅጽበት ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ጸረ ቫይረስ መጮህ ጀመረ፤ ቀይ ሳጥን፣ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ ይጮሃል፣ ያስፈራራል። የሚለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ እንግሊዝኛ አያጣም፤ ያ እንግሊዝኛ ግን ሰው እንዲያነበው የተጻፈ አይደለም፣ እንዲደነግጥበት እንጂ።

በማግስቱ ላፕቶፑንም ፍላሹንም ታቅፎ ወደ ሱቅ ሮጠ። ልጁ አየት አደረገና ፈረደ።

«ጋሼ፣ ቫይረሱ ሁሉንም በልቶታል። ፎርማት ይደረግ።»

«ፋይሌስ?»

«ፋይሉማ አለቀለት ጋሼ። ፍላሹንም አብረን ፎርማት እናድርገው፣ እንዳይመላለስብዎት።»

ፎርማት ተደረገ። አዲስ ዊንዶውስ ተጫነ። ልጁ ደግ ነው፣ መምህሩ ፊት ላይ ሐዘኑን አይቶ ሁለቱንም ዕቃ በፊልም ሞልቶ ሰጠው፤ በነጻ!

አሁን ልብ በሉ። ያ ቫይረስ ምንም አልበላም ነበር። በፍላሽ የሚዛመተው ይህ ዓይነቱ ተባይ የሚታወቅ ጠባይ አለው፦ ፎልደሮቻችሁን አይሰርዝም፤ «የተደበቀ» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸውና በቦታቸው የራሱን ሾርትከት ያቆማል። ሾርትከቱን ስትነኩ ተባዩ ይነሣል፤ ደግሞ እንዳትጠረጥሩ ፎልደሩንም ይከፍትላችኋል። ፋይሉ እዚያው ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ የሚያውቅ፣ ወይም «አትሪብ» የምትባለውን ባለ አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ የሚችል ሰው በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጸረ ቫይረሱ ሾርትከቶቹን ለቃቅሞ ያጠፋና የተደበቀውን እንደተደበቀ ይተወዋል። ባለቤቱ ባዶ ፍላሽ ያይና «አንቲቫይረሱ ፋይሌን በላው» ብሎ ያለቅሳል። ስንቱ እንዲህ አልቅሶ ፍላሹን ወርውሯል!

የበለጠ የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ከፎርማት በኋላ እንኳ ተስፋ ነበረ። ሱቆች የሚያደርጉት ፈጣኑ ፎርማት እንደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ማቃጠል ነው። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ የሚናገረው ካርድ ይጠፋል፣ መጻሕፍቱ ግን ሌላ እስኪቀመጥባቸው ድረስ መደርደሪያው ላይ ናቸው። በተለይ ከፍላሽና ከአሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ለቅመው የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በነጻ የሚገኙም አሉ። እንግዲህ መደርደሪያውን የሞላው ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። የእንፍራንዝ አልቃሾች ድምፅ በተኛበት ላይ የሕንድ ፊልም ተኛበት።

«ልጁ ምን ያድርግ፣ ማን አስተማረው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልጁን ብቻውን አልወቅስም፤ ግን አልምረውምም። ሰው ልብስ ስፌት ቤት ሱሪ ሲሰጥ ልብስ ሰፊው ኪሱን ይፈትሻል፣ ያገኘውን አውጥቶ ይመልሳል። የላፕቶፕ ኪስ ሳይፈተሽ የሚቀደድበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ ይታወቃል። ተባዩን ለይቶ ማወቅ ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ፎርማት ግን ሻይ እየጠጡ የሚሠሩት ነው። ክፍያውም የሚቆረጠው በፎርማት ነው፤ ፋይል ላዳነ የሚከፈል ዋጋ በግድግዳው ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ደግሞስ ያ ሲጮህ ያደረው ጸረ ቫይረስ ከየት መጣ? ከዚያው መንደር ነው የተጫነው። አጫጫኑን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ዊንዶውሱ የተሰረቀ ነው፤ ስለዚህ ሰብሮ የሚከፍተው «ክራክ» ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ግን ከስምንተኛው እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ዲፌንደር የሚባል የራሱን ጥበቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ዲፌንደር ክራኩን ሲያይ ሌባ ነው ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምን ይሆናል? ዲፌንደርን ማጥፋት! ቀጥሎ አፕዴት ይዘጋል፣ ስርቆቱ እንዳይታወቅ። ቀጥሎ ከማን እንደተገኘ የማይታወቀው ክራክ ይለቀቃል። በመጨረሻ፣ በዚህ ሁሉ ላይ፣ ቁልፉ የተሰበረ ጸረ ቫይረስ ይጫንና «ጋሼ፣ አሁን አስተማማኝ ነው» ይባላል። ዘበኛውን አባርረው፣ በሩን ገንጥለው፣ የበር ቁልፍ የሚሸጡ ሰዎች እናንተስ የት አይታችኋል?

እውነት ለመናገር ደንበኛውም በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢል ለብዙዎቻችን መንገዱ ቀና አይደለም። ዋጋው በዶላር ነው፤ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል። የእንፍራንዝ መምህር ይህን ከየት ያመጣል? ከፈለ እንበል። ጸረ ቫይረስ በየዕለቱ ከኢንተርኔት ካልተመገበ የሚራብ ፍጥረት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ማንም አይረሳውም። ያን ጊዜ ሁሉ የስንቱ ሰው ላፕቶፕ «ጥበቃህ ጊዜው አልፎበታል» እያለ በቢጫና በቀይ ሲለምን ከረመ። ዕቃው የተሠራው መብራትና ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት፣ ካርድ ለማያጣ ሰው ነው። እኛ ጋ የደረሰው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ፍርሃት መሸጥ ግን የእንፍራንዝ ሱቅ የፈጠረው አይደለም፤ የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። ለግል ኮምፒዩተር ከተጻፉት የመጀመሪያው ነው የሚባለው ቫይረስ፣ ብሬን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ከፓኪስታኗ ላሆር ነበር፤ የጻፉት ሁለት ወንድማማቾች ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ውስጡ አስቀምጠዋል። (በሥነ ጽሑፍ መምህር ዓይን፣ ከብዙ ሻጮቹ ይልቅ ደራሲዎቹ ሐቀኞች ነበሩ።) ስድስት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክል አንጄሎ የተባለ ቫይረስ መጋቢት 6 ቀን ይፈነዳል ተብሎ ዓለም ተሸበረ። የጸረ ቫይረስ ነጋዴው ጆን ማካፊ እስከ አምስት ሚሊዮን ኮምፒዩተር ሊጠፋ ይችላል አለ። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ የተጎዳው በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ጸረ ቫይረሱ ግን ተቸብችቧል።

በ2009 የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ የማካፊንና የኖርተኑን አምራች የሲማንቴክን መዝገብ አየ። ደንበኞቹ በቅጡ ሳይነገራቸው ውላቸው በራሱ እየታደሰ ከካርዳቸው ገንዘብ ይቆረጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ኩባንያ 375 ሺህ ዶላር ከፍሎ ተስማማ። በ2010 ሚያዝያ ደግሞ ማካፊ የላከው አንድ አፕዴት ራሱ የዊንዶውስን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘና በየአገሩ የኤክስፒ ኮምፒዩተሮችን እያጠፋ ሲያስነሣ ዋለ። በ2021 ኖርተን ለቤት ደንበኞቹ በሚሸጠው ጥበቃ ውስጥ ክሪፕቶ ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም ጨምሮ፣ ፈቅዶ ካበራው ደንበኛ ገቢ 15 በመቶ ይወስድ ነበር።

ወደ እኛ ቤት የሚቀርበው ግን የአቫስት ጉዳይ ነው፤ ነጻ ስለሆነ በአገራችንም በስንቱ ላፕቶፕ ላይ ኖሯል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንዳስታወቀው፣ ይህ ኩባንያ ደንበኞቹን ከተከታታዮች እጠብቃችኋለሁ እያለ፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ እየሰበሰበ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ከመቶ ለሚበልጡ ገዢዎች ሲሸጥ ነበር። ስለ ምን በሽታ እንዳነበብህ፣ የማንን ፖለቲካ እንደምትከታተል፣ ምን ሃይማኖት እንዳለህ የሚያሳብቅ መረጃ ነው። ቅጣቱ 16.5 ሚሊዮን ዶላር። ዘበኛው ሌሊት ሌሊት የጓዳህን ወሬ ገበያ ያወጣ ነበር ማለት ነው። «እንግዲያውስ ሌላ እጭናለሁ» የምትሉ ካላችሁ ይህንንም ስሙ፦ ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራ — ወጣቶቻችን ሻይ ቤት ተቀምጠው የትኛው ይሻላል እያሉ የሚከራከሩባቸው አራቱ ስሞች — ዛሬ የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ጄን ዲጂታል ይባላል።

በእኛ አገር ክታብ የሚባል ነገር አለ። ደብተራው ይጽፋል፣ ብራናው ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ በሕፃኑ አንገት ይታሰራል። እናትየዋ ውስጡ ምን እንደተጻፈ አታነብም፤ ከተፈታ ኃይሉን ያጣል ተብላለች። ልጁ ሳይታመም ከረመ፣ ክታቡ ሠራ ማለት ነው። ታመመ፣ ሌላ ክታብ ይጻፍለት። የጸረ ቫይረስ ውል ሲቀርብልን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምንጫነውን ጣት ሳስብ ይህ ነው የሚታየኝ። ለዚያውም ደብተራው የጻፈውን ያውቀዋል፣ የሚኖረውም መንደሩ ውስጥ ነው፤ ሄዶ መጨቃጨቅ ይቻላል።

የተማረው ሰው፣ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ከዚህ ያመልጣል ብላችሁ ከሆነ አንድ የወገናችንን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ማንነቱ እንዳይገለጥ በሌላ ስም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በ2012 መገባደጃ ገደማ በኢሜይል ከተላከ የወርድ ሰነድ ጋር ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም የቤት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ፣ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚያደርገውን ሲከታተል ከርሟል። ፊንስፓይን የሚሸጠው ኩባንያ ምርቱ ከጸረ ቫይረስ ዓይን እንደሚያመልጥ እንደ ሙያ ያስተዋውቅ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በሩን የከፈተው ከሚያውቁት ሰው የመጣ የሚመስል ሰነድ ነው። ይህን የሚያግድ ክታብ ገና አልተጻፈም።

«ታዲያ ባዶ እጃችንን እንቀመጥ?» ማን አላችሁ! ጸረ ቫይረስ ምንም አይዝም አላልኩም፤ የሚታወቁትን የፍላሽ ተባዮች አብዛኞቹን ይይዛል። ዲፌንደር ግን በነጻ የተሰጣችሁ ዘበኛ ነው፤ አታባርሩት። ከእሱም በላይ አፕዴት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ወረርሽኝ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያሽመደምድ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር። የተያዘው ያልደፈነው ነው። ፍላሽ በሰካህ ቁጥር ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን ቀዳዳም ማይክሮሶፍት በ2011 በአፕዴት ዘግቶታል፤ የእኛ ኮምፒዩተሮች አፕዴታቸው ተዘግቶ ስለሚኖር ሌላው ዓለም የረሳውን ተባይ ለዓመታት ስንቀልብ ኖረናል። የዊንዶውስ አሥር መደበኛ ጥገና ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ይህንን የነገራችሁ የኮምፒዩተር ሱቅ ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ ደንበኛ እሆነዋለሁ።

ከሱቆቹ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ካልተቻለ፣ «ፋይሌ እንደሚጠፋ ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉና ደንበኛው ይፈርም። ያን ወረቀት ማስፈረም የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ፎርማቱም ያሳፍራችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ንግድ ጽሕፈት ቤቶቻችን የሥጋ ቤት ሚዛን ሲፈትሹ አያለሁ፤ መልካም። የ11 ዓመት ሥራ በግማሽ ሰዓት የሚጠፋበትን ሱቅ ደፍም ማን ይፈትሸዋል? ለሩብ ኪሎ ሥጋ የሚከሰስበት አገር ለአንድ ዕድሜ ሥራ «ቫይረስ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

መምህሩ ያን ሁሉ ሰምቶ አልተጣላም። ሱቁ ሄዶ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም፤ ይህ ትሕትናው ነው እኔን ያበሸቀኝ። እንደገና ጀምሯል። የቀረጻቸው ሦስት ስመ ጥር አልቃሾች በመካከሉ ዐርፈዋል። የአንዷን ልጅ አግኝቶ፣ እናቷ ለወንድሟ ያወረደችውን ሙሾ የምታስታውሰውን ያህል አስጠንቷት፣ አሁን በሦስት ቦታ ያስቀምጣል፦ በላፕቶፑ፣ ጎንደር እህቱ ዘንድ ባለ ፍላሽ፣ በእጁ በተጻፈ ደብተር። ደብተሩን አሳይቶኛል። ልጅቷ ያላስታወሰቻቸውን ስንኞች ቦታቸውን ክፍት ትቶላቸዋል፤ ዐሥራ ሰባት ባዶ መስመር ቆጠርኩ።